ከኤረር የመጣው ብልቃጥ፦ አዲስ ጂነስ ያልነው ትንሽ ዓሣ

ነገሩ እንዴት ተጀመረ

ሐረር ውስጥ አንድ የባዮሎጂ ቤተ ሙከራ ላይ እሠራለሁ። ሥራዬ ኬሚካል መቀላቀል፣ ማይክሮስኮፕ ማጽዳትና ተማሪ የሰበረውን መመዝገብ ነው። የዓሣ ባለሙያ አይደለሁም። ይህን የምለው ቀጥሎ የማወራውን ስሕተት ለማቃለል አይደለም። ከእኔ ጋር የተሳሳቱት ከእኔ የተሻለ የተማሩ ናቸው።

ጥቅምት ላይ አንድ የቀድሞ ተማሪያችን ከድሬ መጣ። ደንገጎን ሲወጣ ሚኒባሱ ውስጥ ጭኑ ላይ ይዞት የመጣ ብልቃጥ ነበረው። የማዮኔዝ ብልቃጥ ነው። ውስጡ ፎርማሊን፣ ማለትም ሥጋ እንዳይበሰብስ የሚያቆየው ፈሳሽ፣ ፎርማሊኑ ውስጥ 14 ትንንሽ ዓሦች። ክዳኑ ላይ በፕላስተር የተለጠፈች ወረቀት «ኤረር፣ ነሐሴ» ትላለች። በቃ፣ ሌላ ነገር የለም።

ልጁ ዘመድ ጥየቃ ሄዶ ነው ያገኛቸው። ከኩሬ ዳር በአሮጌ አጎበር አፈሳቸው። ፎርማሊኑን የጤና ባለሙያ የሆነ ዘመዱ ሰጠው።

«አቦ መምህር፣ ይሄ ዓሣ ከዚህ በላይ አያድግም» አለኝ። መምህር አይደለሁም ማለት ከተውኩ ቆይቻለሁ። «በምን አወቅክ?» ስለው «የሰፈሩ ልጆች ናቸው ያሉት» አለ።

በካሊፐር ለካናቸው። ትልቁ 19 ሚሊ ሜትር፣ ትንሹ 13። የክብሪት እንጨት ግማሽ አይሞሉም። ቅርፊት የላቸውም። አፋቸው ዙሪያ ጢም አላቸው። ፎርማሊኑ ቀለማቸውን ስለበላው ነጣ ብለው የተቀቀለ ሩዝ መስለዋል።

ለምን አዲስ መሰለን

ፈረንጅ ካትፊሽ የሚላቸው ጢማም ዓሦች በዓለም ላይ ከ3,500 በላይ ዝርያ አላቸው። ከሰው የሚረዝሙ አሉ። ጥፍር የሚያህሉም አሉ። እኛ አገር ሰው ሁሉ የሚያውቀው አምባዛ አንዱ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ክላሪያስ ጋሪየፒነስ ነው። ስሙን ያገኘው በ1822 እ.ኤ.አ. ሲሆን ጋሪየፕ ደግሞ የደቡብ አፍሪካው የኦሬንጅ ወንዝ ሌላ ስም ነው። «ክላሪያስ» የጂነሱ ስም ነው፤ ጂነስ ማለት የሚቀራረቡ ዝርያዎች የሚሰበሰቡበት ወገን ነው። አዲስ ዝርያ ማግኘት ደስ ይላል። አዲስ ጂነስ ግን ሌላ ነገር ነው። ከሚታወቁት ወገኖች ውስጥ የትም አይገባም ማለት ነው።

ከእኛ ውስጥ አንዲት መምህርት ስለ ድንክ ዓሦች አንብባ ነበር። በ1976 እ.ኤ.አ. ከቦሊቪያ አማዞን ስኮሎፕላክስ የሚባል አዲስ ጂነስ ተገልጿል። አድጎ ጨርሶ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በ1988 ደግሞ ሁለት ተመራማሪዎች ስለ ደቡብ አሜሪካ ዓሦች ሲጽፉ፣ አድጎ ከ25 ወይም 26 ሚሊ ሜትር የማያልፍ ዓሣ «ድንክ» ይባል ብለው መስፈርት አወጡ። የእኛው 19 ነው። መምህርቷ ይህንን ስትነግረን ሁላችንም ወንበራችንን ወደ ማይክሮስኮፑ ሳብን።

ቤተሰቡን ማወቅ አላስቸገረንም። የጀርባው ክንፍ ከራሱ ኋላ ተነስቶ እስከ ጅራቱ ሥር ይሄዳል። አራት ጥንድ ጢም አለው፤ አንዱ ጥንድ ከአፍንጫው ነው የሚወጣው። ብዙ ካትፊሾች ከጀርባ ክንፍ ኋላ ያላቸው ያቺ የስብ ክንፍ እሱ ላይ የለችም። ይሄ የአምባዛ ቤተሰብ መልክ ነው። እዚህ ድረስ ልክ ነበርን።

ችግሩ ቀጥሎ መጣ። የመለያ ቁልፉን፣ ማለትም ዝርያ በምልክት በምልክት የሚለይበትን የጥያቄ ዝርዝር፣ ስንከተል ሦስት ቦታ ላይ «የለም» አልን።

አንደኛው ከስንጥቡ፣ ዓሣ ውሃ ውስጥ ከሚተነፍስበት አካል፣ በላይ የሚገኘው ዛፍ መሰል አካል ነው። አምባዛ ውሃ ሲያንሰው ከላይ አየር እየጎረሰ የሚኖረው በዚህ ነው። ቅርንጫፍ ያለው፣ ደም የሞላው፣ ጎመን አበባ የመሰለ ነገር ነው። የእኛው ዓሣ ስንጥቡ ሲከፈት በቦታው ባዶ ነው። በጣም ሲፈለግ አንድ እብጠት ትታያለች።

ሁለተኛው የስንጥቡ ማበጠሪያ ነው። ስንጥቡ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ቀጫጭን ዘንጎች አሉ። አምባዛ ላይ ብዙና ጥቅጥቅ ያሉ ናቸው፤ መጻሕፍቱ ከ24 እስከ 110 ይላሉ። እኛ የቆጠርነው ከ24 በታች ሆነ።

ሦስተኛው የራስ ቅሉ ጎን ነው። አምባዛ ራሱ እንደ ጋሻ የጠነከረ ነው፤ ገበያ ላይ በቢላ የሞከረ ያውቀዋል። የእኛው ዓሣ ከዓይኑ ኋላ፣ በራሱ ጎን፣ ክፍት ነው። አጥንት የለም።

ይህ ሦስተኛው ነው ያሳበደን። ምክንያቱም በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ በዚሁ በአምባዛ ቤተሰብ ውስጥ የራስ ቅላቸው ጎን አጥንት የሳሳባቸው ጂነሶች አሉ። ጊምናላቤስና ቻናላቤስ ከእነሱ ናቸው። እባብ የመሰሉ ቀጫጭን ዓሦች ናቸው። እኛ ሐረር ቁጭ ብለን የእነሱን የምሥራቅ ዘመድ ያገኘን መሰለን። ያውም ድንክ! ኅዳር አጋማሽ ላይ ስም ማውጣት ሁሉ ተጀምሮ ነበር። ያልነውን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ ያሳፍራል።

አጥንቱን ለማየት ያደረግነው

ሁለት ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ዓሣ በቢላ አይመረመርም። አጥንቱ ፀጉር ያህላል። ትልልቅ ተቋማት ሲቲ ስካን አላቸው። እኛ ያለን የድሮው ዘዴ ነው፦ ሥጋውን ብርጭቆ ማድረግና አጥንቱን መቀባት። ትሪፕሲን በሚባል ኢንዛይም ሥጋን የማጥራቱ ዘዴ በ1967 እ.ኤ.አ. የታተመ ነው። በ1977 ደግሞ ልም አጥንትን የሚቀባው አልሺያን ብሉ ተጨመረበት። ሲሳካ ልም አጥንቱ ሰማያዊ፣ ጠንካራው አጥንት በአሊዛሪን ሬድ ቀይ ሆኖ፣ ሥጋው አልፎ ይታያል። ግሊሰሪን ውስጥ የተንጠለጠለ ጌጥ ይመስላል።

ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ሁለት ዓሦች ሰዋን። ታጠቡ፣ በአልኮል ደረቁ፣ አልሺያን ብሉው ውስጥ ገቡ። ይህ ቀለም የሚሟሟው አሴቲክ አሲድ ባለበት አልኮል ውስጥ ነው። አንድ ቀን በቂው ነው። እኛ ግን ዓርብ ከሰዓት አስገብተን ሰኞ ጠዋት አወጣናቸው። በመሀሉ የዕረፍት ቀን ነበር፤ ቁልፍ የያዘው እኔ ነበርኩ፤ አልመጣሁም።

ውጤቱ ሰማያዊ ሆነ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰማያዊ። ቀይ የታየው ጥርሱ አካባቢና አከርካሪው ላይ ትንሽ ብቻ ነው። እኛስ ምን አልን? «አጥንቱ ወደ ጠንካራነት አይለወጥም፣ ልም ሆኖ ይቀራል» አልን። አራተኛ «የለም» አገኘን ማለት ነው። አራተኛ ማስረጃ ብለን ጻፍነው።

ፎቶውን በቴሌግራም አዲስ አበባ ላሉ አንድ አንጋፋ የዓሣ ሰው ላክን። ጡረታ ወጥተዋል፤ ግን ስለ ዓሣ ሲጠየቁ ስልክ ያነሳሉ። አነሱ።

«ፎርማሊኑ ውስጥ ምን ጨምራችኋል?»

«ምንም አልጨመርንም ጋሼ።»

«ቦራክስ? ጠመኔ? የእብነ በረድ ፍርፋሪ?»

«አልጨመርንም።»

«እስቲ ሊትመስ ንከሩበትና ደውሉልኝ።»

ነከርኩ። ሰማያዊዋ ወረቀት ወዲያው ቀላች። ፎርማሊን ሲቆይ አሲድ ይሆናል። አሲድ ደግሞ ካልሲየም ያሟሟል። ዓሦቹ ከነሐሴ ጀምሮ አሲድ ውስጥ ተነክረው ከርመዋል። በላዩ ላይ እኔ ሦስት ቀን አሴቲክ አሲድ ጨመርኩባቸው። አሊዛሪን የሚይዘው ካልሲየምን ነው፤ ካልሲየም ከሌለ የሚይዘው ነገር የለውም። አራተኛው ማስረጃችን የዓሣው ተፈጥሮ አልነበረም። የእኔ ቅዳሜና እሑድ ነው።

የትኛው ኤረር?

በዚያው ስልክ ላይ ጋሼ ሌላ ጥያቄ ጠየቁ።

«ከየት ነው የመጣው?»

«ከኤረር።»

«ከየትኛው ኤረር?»

ዝም አልን።

የሐረር ሰው ኤረር ሲባል አንድ ነገር ነው የሚያስበው። የጁገል ግንብ በር አንዱ ኤረር በር ነው። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ሲወረድ የኤረር ሸለቆ አለ። ወንዙ በባቢሌ የዝሆን መጠለያ በኩል ወደ ደቡብ ወርዶ ዋቢ ሸበሌን ይቀላቀላል። እኛ ስለዚህ ኤረር ነበር የምናወራው። ሪፖርታችን ላይ «ዋቢ ሸበሌ ተፋሰስ» ብለን ጽፈናል። ዋቢ ሸበሌ ብዙ ያልተጠና ስለሆነ አዲስ ነገር መጠበቅም ቀሎናል።

የድሬ ልጅ ግን ኤረር ሲል ሌላ ነው። ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ፣ በድሮው የባቡር መስመር ላይ ያለው ኤረር ነው። ፍል ውሃ ያለበት፣ ሰው ለመታጠብ የሚሄድበት። ያ ከተራራው ሰሜን ነው፣ የአዋሽ ወገን። በሁለቱ ኤረሮች መካከል የሐረርጌ ደጋ ሙሉውን ተጋድሟል። አንዱ ላይ የዘነበ ዝናብ ሌላው ጋ አይደርስም።

ለልጁ ደወልኩለት። «ኧረ አቦ፣ ፍል ውሃው ያለበት ነው እንጂ!» አለ። እንዴት ሌላ ኤረር ትዝ ይላችኋል በሚል ድምፅ ነው ያለው። ሁለት ወር ሙሉ የተሳሳተ ተፋሰስ ውስጥ ነበርን። ያቺ ወረቀት ላይ ከ«ኤረር» ቀጥሎ «ጎታ» የምትል ሁለት ፊደል ብትጨመር ይሄ ሁሉ ባልሆነ።

ጥር ላይ ኩሬው

ጥር ሲገባ ጋሼ ለሌላ ጉዳይ ወደ ድሬዳዋ መጡ። አራት ሆነን ኩሬው ድረስ ሄድን። ከፍል ውሃው የሚወጣው ውሃ ቀዝቅዞ የሚጠራቀምበት ቦታ ነው። ዳሩ ሣር ነው። ሁለት ፍየሎች ይጠጣሉ። አጎበሩን ደጋግመን ጎተትን። ትንሽ ዓሣ አንድ የለም። ሦስት ሰዓት ሞከርን።

የወጣልን ሁለት አምባዛ ብቻ ነው፤ መዳፍ መዳፍ የሚያክሉ።

ልጁ ተናደደ። «ነሐሴ ላይ እኮ ዳሩ ሁሉ እነሱ ነበሩ! የት ሄዱ?»

ጋሼ እጃቸውን እየታጠቡ ነበር። «አደጉ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀላል ነገር ነው፤ ግን ማንኛችንም አላሰብነውም። አምባዛ የሚራባው ዝናብ ጥሎ ውሃ ሲሞላ ነው። እንቁላሉን በጎርፍ በተሸፈነ ሣር ላይ ይጥላል። ነሐሴ ላይ ኩሬ ዳር የተገኘ 2 ሴንቲ የማይሞላ ጢማም ዓሣ፣ ሌላ ነገር መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ፣ የአምባዛ ልጅ ነው። «ድንክ ለማለት እኮ» አሉ ጋሼ «መጀመሪያ ሆዱን ከፍታችሁ እንቁላል አሳዩኝ።»

ሆድ አልከፈትንም ነበር። ሐረር ስንመለስ ከብልቃጡ ትልቁን ከፈትነው። እንቁላልም የወንድ ዘር ከረጢትም የለም። አከርካሪው ሥር ክር የመሰሉ ሁለት ነገሮች አሉ። ልጅ ነው።

ይህ ግን ጉዳዩን አልዘጋውም። የአምባዛ ልጅ መሆኑን አላሳየም፤ ያልደረሰ ዓሣ መሆኑን ብቻ ነው ያሳየው። መምህርቷ እልኸኛ ናት። «እሺ ልጅ ነው፤ የማን ልጅ?» አለች። ጥያቄዋ ትክክል ነበር፤ ጋሼም ወደዱላት።

ሁለተኛው ዙር

የበልግ ዝናብ እስኪመጣ ጠበቅን። ሚያዝያ ላይ ልጁ ደወለ፤ ኩሬው ዳር እንደገና ተሞልቷል። በዚህኛው ጊዜ ሦስት ነገር አዘጋጅተን ሄድን። ግማሹን አሲዱን እንዲያበርድ ቦራክስ የተጨመረበት ፎርማሊን ውስጥ፣ ጥቂቱን 96 ከመቶ አልኮል ውስጥ፣ 11ዱን በሕይወታቸው በቢጫ ጄሪካን። አልኮሉ ለዲኤንኤ ነው። ፎርማሊን ዲኤንኤን ስለሚያበላሽ የመጀመሪያው ብልቃጥ ለዚያ ብዙም አይጠቅምም። የዲኤንኤውን ሥራ የሚሠራልን አላገኘንም፤ እስከ ዛሬ ፍሪጅ ውስጥ ነው ያለው።

ማቅለሙን ደገምነው። አልሺያን ብሉው ውስጥ ያደሩት አንድ ሌሊት ብቻ ነው። እኔም ቅዳሜ ጠዋት ገባሁ። አሁን ቀዩ መጣ። የጀርባ ክንፉን ዘንጎች ቆጠርን፤ ከ60 በላይ ሆኑ። አምባዛ ከ61 እስከ 79 አለው ይባላል፤ ቁጥሩ ይገጥማል። ከራሱ ኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ አከርካሪዎች ተጣብቀው አንድ ሆነዋል። ይህ የካትፊሽ ሁሉ ምልክት ነው። ከአየር ከረጢቱ ድምፅ ወደ ጆሮ የሚያሻግሩትን ትንንሽ አጥንቶች የሚይዘው ይህ ክፍል ነው። የላይ መንጋጋው አጥንት ደግሞ መንጋጋነቱን ትቶ የጢሙ መያዣ ሆኗል። ይህም የካትፊሽ ነው። ደስ የሚል ነገር ነው ማየቱ፤ እኔ እንኳ ግማሽ ቀን አየሁት።

የራሱ ጎን ግን አሁንም ክፍት ነበር። ስለዚህ ያ ክፍተት የአሲድ ሥራ አይደለም። መምህርቷ ቀና ብላ አየችኝ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተፈታው። ጊምናላቤስና ቻናላቤስ አጥንታቸው የሳሳው እንዲሁ በከንቱ አይደለም። የመንጋጋ ጡንቻቸው በጣም ትልቅ ነው፤ ቦታውን የያዘው እሱ ነው። አጥንቱ ሲቀር ጡንቻው አለ። ከእኛዎቹ ዓሦች ቀለም ያልነካውን አንዱን ወስደን ቆዳውን በወረንጦ ገፈን ጡንቻውን አየን። ተራ ነው። ቀጭን፣ ከዓይኑ በታች የተቀመጠ። ክፍተቱን የሞላው ነገር የለም። ያ ቦታ አጥንቱን እየጠበቀ ያለ ቦታ ነው።

ከ13 እስከ 24 ሚሊ ሜትር ያሉትን ስምንት ዓሦች አቅልመን በቁመታቸው ደረደርናቸው። ሰልፉን ያየ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። ትንሹ ላይ የራስ ቅሉ ጎን ሰማያዊና ባዶ ነው። መሀል ላይ ቀይ ነጠብጣብ ይጀምራል። ትልቁ ላይ ነጠብጣቡ ሰሌዳ ሆኗል። የስንጥብ ማበጠሪያውም እንደዚያው በቁመት ቁጥሩ ይጨምራል። ለካ አምባዛ ላይ ይህ ቁጥር ከዕድገት ጋር እንደሚጨምር የታወቀ ነው፤ መጽሐፉ ላይ ተጽፏል፤ እኛ ነን ሠንጠረዡን ብቻ ያየን። ስንጥቡ ላይ ያየናት እብጠት ደግሞ ያ ዛፍ መሰል አካል ሲጀምር ናት።

ጄሪካኑ

11ዱን ጄሪካን ውስጥ ማሳደጉ የልጁ ሐሳብ ነበር። እኔ የልጅ ጨዋታ ነው ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ከሁሉም በላይ ያሳመነን እሱ ነው።

ጄሪካኑን በጎኑ አስተኝተን ሆዱን ቀደድነው። የእንቁላል አስኳልና የተፈጨ ጉበት እንሰጣቸዋለን። በሁለተኛው ሳምንት አካባቢ አንድ በአንድ ወደ ላይ እየመጡ አየር መጉረስ ጀመሩ። ድምፁ ይሰማል፤ ጠብ የምትል ድምፅ ናት። ያ «የለም» ያልነው አካል ሥራ ጀምሯል።

የቁጥሩ ነገር ሌላ ታሪክ ነው። በአንደኛው ሳምንት 11 ነበሩ። በሦስተኛው 7። ከዚያ 4። የሞተ አላየንም፤ ሬሳ የለም። አንድ ጠዋት ላይ ትልቁ አፍ ላይ ጅራት ተንጠልጥሎ ሳይ ገባኝ። የአምባዛ ጫጩቶች መጠናቸው ሲለያይ እርስ በርስ ይበላላሉ። ዓሣ የሚያረቡ ሰዎች ስለዚህ ነው በየጊዜው በመጠን የሚለዩዋቸው። እኛ ይህንንም አላወቅንም። በመጠን ብንለያቸው ኖሮ ብዙ ናሙና ይተርፈን ነበር።

በአሥረኛው ሳምንት ሦስት ቀሩ። ትልቁ 11 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ራሱ ጠነከረ፤ የደረት ክንፉ እሾህ በውጭ በኩል ብቻ እንደ መጋዝ ሆነ። ክላሪያስ ጋሪየፒነስ። አምባዛ።

ምን ሠራ፣ ምን አልሠራ

ቤተሰቡን በውጭ መልኩ መለየት ሠራ። ማቅለሙ በሁለተኛው ዙር ሠራ። ዓሦቹን በቁመት መደርደር ከማንኛውም ነገር በላይ ሠራ፤ ያውም ወጪ የለውም። የመለያ ቁልፉ አልሠራም፤ ጥፋቱ ግን የቁልፉ አይደለም። ቁልፍ የሚሠራው ላደገ ዓሣ ነው፣ እኛ ለጫጩት ተጠቀምንበት። 14 ዓሣ ውስጥ ሁለቱን በመጥፎ ማቅለም አበላሽተናል። የዲኤንኤው መንገድ ሳይሞከር ቀርቷል። ቢሞከር በአንድ ሳምንት ይጨርሰው ነበር የሚል ሰው አለ። ይሆናል። ግን ያ የራስ ቅሉ ክፍተት ለምን እንደነበረ አይነግረንም።

ለሌላ ሰው የሚጠቅመው

ጉዳዩን ስጽፍ ደጋግሜ የተመለስኩት እነዚያ አራት «የለም»ዎች ላይ ነው። አንዱ አሲድ ነበር። ሦስቱ ዕድሜ ነበሩ። ትንሽ ፍጡር ላይ የአንድ ነገር አለመኖር ቢያንስ አራት ምክንያት ሊኖረው ይችላል፦ በተፈጥሮ የለም፣ ገና አልመጣም፣ ኬሚካል አጥፍቶታል፣ ወይም ማየት አልቻልንም። የመጀመሪያውን ከማለት በፊት ሦስቱን ማስወገድ ያስፈልጋል። እኛ ከመጀመሪያው ነው የጀመርነው።

እውነተኞቹን አዳዲስ ጂነሶች ብታዩ ክርክራቸው የቆመው ባለ ነገር ላይ ነው። ስኮሎፕላክስ አፍንጫው ላይ የተቆለመሙ ጥርሶች ያሉበት የአጥንት ሰሌዳ አለው። ሌላ ዓሣ ላይ የለም። በ2011 እ.ኤ.አ. ከሕንድ ኬረላ የተገለጸው ክሪፕቶግላኒስም የጀርባ ክንፍ የለውም፤ ግን በእሱ ብቻ አላቆሙም። በ2014 ሁለት ቡድኖች ለየብቻ አጥንቱን መርምረው እንደ ቡልዶግ ወደ ፊት የወጣ የታች መንጋጋና እንግዳ የሆኑ የራስ ቅል አጥንቶች አሳዩ። ከእኛ ዓሣ ላይ «ይህ እሱ ላይ ብቻ ያለ ነው» የምንለው አንድ ነገር ብንጠየቅ አንድም አልነበረንም። ኅዳር ላይ ይህን ጥያቄ ማንም አልጠየቀም።

ለሕግም ቢሆን እንዲሁ ነው። የእንስሳት ስያሜ ደንብ ከ1930 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለወጣ ስም የሚለየውን ባሕርይ በቃላት መግለጽን ይጠይቃል። ለጂነስ ደግሞ መለያ የሚሆን አንድ ዝርያ መሰየም አለበት። እኛ ስሙ ላይ ስንከራከር ይህን የሚያነብ አልነበረም።

የቦታ ስም ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ችግሩ የኤረር ብቻ አይደለም። አገራችን ውስጥ ሁለት ሦስት ቦታ የሚደጋገም የወንዝ ስም ብዙ ነው። ሰው ደግሞ ለራሱ ግልጽ የሆነውን አይጽፍም። ስለዚህ አሁን ቤተ ሙከራው ውስጥ ናሙና ስንቀበል «ውሃው ወዴት ነው የሚሄደው?» ብለን እንጠይቃለን። ስም ሊደገም ይችላል፤ ውሃ ግን ሁለት ቦታ አይሄድም። ስልክ ካለ የጂፒኤስ ቁጥሩን እናስጽፋለን። ወረቀቷም በእርሳስ ተጽፋ ብልቃጡ ውስጥ ትገባለች፤ ክዳን ይቀያየራል፣ እስክሪብቶም በአልኮል ይታጠባል።

የሰፈሩ ልጆች «አያድግም» ያሉት ነገርም አለ። ስናጣራ ልጆቹ ያሉት እንደዚያ አልነበረም። «ከዚህ የሚበልጥ እዚህ ዳር አናይም» ነው ያሉት። እውነታቸውን ነው። ሲያድግ ወደ መሀል ይገባል። ቃሉ ከኩሬ ዳር እስከ ሐረር ሲመጣ ተለወጠ።

ዓሦቹ ዛሬ

የማዮኔዙ ብልቃጥ መደርደሪያው ላይ አለ። ፎርማሊኑ ተቀይሯል። አሮጌዋ ወረቀት ውስጡ ናት፤ አጠገቧ አዲስ ወረቀት አለ፦ ኤረር ጎታ፣ የአዋሽ ወገን፣ ከፍል ውሃ በታች ያለ ኩሬ፣ ክላሪያስ ጋሪየፒነስ፣ ጫጩት። ስምንቱ የቀለሙት በቁመት እንደተሰለፉ ግሊሰሪን ውስጥ ናቸው፤ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ይማሩባቸዋል። መጀመሪያ ላይ ትንሹንና ትልቁን ብቻ አውጥተን «ስንት ዝርያ ነው?» እንላቸዋለን። ሁልጊዜ «ሁለት» ይላሉ።

ከሦስቱ ሕያዋን ሁለቱን ልጁ ወደ ኩሬው መለሳቸው። ሦስተኛው፣ ያ 11 ሴንቲ የደረሰው፣ ከመመለሱ በፊት አንድ ሌሊት ከጄሪካኑ ዘሎ ወጥቶ ነበር። ጠዋት በሩን ስከፍት ደፉ ሥር አገኘሁት። አቧራ ለብሷል። መወልወያ ጨርቁ ላይ ሆኖ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። አንስቼ ውሃ ውስጥ ጨመርኩት፤ ወዲያው ወደ ላይ መጣና አየር ጎረሰ።